ክንድ ላይ የሚታሰረው የግፊት መለኪያ፦ የአንድ ቧንቧ ሠራተኛ አስተያየት ከስምንት ወር በኋላ

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ግፊት ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የውሃ ግፊት። ሃያ ስድስት ዓመት በአዲስ አበባ ፎቅ ቤቶች ቧንቧ ስዘረጋ፣ ፓምፕ ስተክል፣ ሮቶ ጣሪያ ላይ ሳሰቅል ቆይቻለሁ። «አራተኛ ፎቅ ውሃ አይደርስም» ሲሉኝ የግፊት መለኪያ ጌጄን ይዤ ደረጃ መውጣት ነው እንጀራዬ። የራሴን የደም ግፊት ግን ለክቼው አላውቅም ነበር። ባለፈው ዓመት ጥርሴን ልነቀል የሄድኩበት ክሊኒክ ነርሷ ክንዴን ጠምጥማ 158/96 ብላ ስትጽፍ «ይሄ የማን ነው?» አልኳት። ራሴን እንኳ አሞኝ አያውቅማ!

የክሊኒኩ ሐኪም ልጅ እግር ነው። «ጋሼ፣ ጥርስ ሊነቀል የመጣ ሰው ግፊቱ ቢጨምር አይገርምም። ማሽን ይግዙና ሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ ቤትዎ ለክተው፣ ጽፈው ይምጡልኝ» አለኝ። ጥቁር አንበሳ አካባቢ ካሉት የሕክምና ዕቃ መሸጫዎች ከአንዱ ገብቼ ይሄን ገዛሁ። የብራንዱን ስም አልጠራም፤ ማስታወቂያ ይመስልብኛል፣ ደግሞም የምወቅሰው ነገር አለኝ። ዋጋውንም ዛሬ ብነግራችሁ ነገ ይለወጣል። ክንድ ላይ የሚጠመጠም፣ በአራት ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ አንድ ቁልፍ ሲጫኑት ራሱ ነፍቶ ራሱ የሚያስተነፍስ ዓይነት ነው። መጠኑ አንድ ትንሽ ሬዲዮ ያህላል።

የመጀመሪያው ቀን ተጣላን። 149/92 አለኝ። ሁለት ደቂቃ ቆይቼ ብለካ 141። እንደገና 136። አንድ ጌጅ በአምስት ደቂቃ ውስጥ በአንድ ቧንቧ ላይ ሦስት ቁጥር ከሰጠኝ እኔ ቆሻሻ ውስጥ ነው የምጥለው። በነጋታው ካርቶኑን ታቅፌ ሱቁ ሄድኩ። ሻጯ አልተከራከረችኝም፤ ወንበር ሰጥታ «አረፍ ይበሉ» አለችኝ። አምስት ደቂቃ ያህል ሌላ ሰው ስታስተናግድ ቆይታ መጣችና እጄን ጠረጴዛ ላይ አስደግፋ፣ «አያውሩ» ብላ ለካችኝ፤ 137/85። «ማሽኑ ጤነኛ ነው ጋሼ። የሚለዋወጡት እርስዎ ነዎት» አለችኝ። ያን ጊዜ እንደ ስድብ ነበር የወሰድኩት። ትክክል መሆኗ የገባኝ ቆይቶ፣ በሙያዬ በኩል ሳስበው ነው።

ቁጥሩን መጀመሪያ እኛ ግፊት ወደምንለካበት ወደ ባር መታሁት። ለምሳሌ የላይኛው ቁጥር፣ ልብ ስትጨመቅ የሚለካው፣ 120 ቢሆን 120 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ማለት ነው፤ ወደ ባር ሲለወጥ 0.16 ብቻ! ውሃን አንድ ሜትር ከስድሳ ከፍ ቢያደርግ ነው። በዚህ ግፊት አንድ ፎቅ እንኳ አላጠጣም። ልብ ግን በየደቂቃው አምስት ሊትር ያህል ደም በዚህችው ግፊት ስታዞር ትውላለች። የሰው ደም ጠቅላላው አምስት ሊትር አካባቢ ስለሆነ በአንድ ደቂቃ ሁሉም አንድ ዙር ይጨርሳል ማለት ነው። እስቲፈን ሄልስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ በ1733 ባሳተመው ሥራ፣ የፈረስ ደም ወሳጅ ቧንቧ ላይ የመስታወት ቱቦ ሰክቶ ደሙ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ሽቅብ ሲወጣ እንዳየ ጽፏል። ፈረሷን አሳዘነችኝ፤ አለካኩ ግን የእኛው ነው። በሥራ ላይ ጌጅ ሲጠፋኝ እኔም ግልጽ ላስቲክ ቱቦ ሰክቼ የውሃውን ከፍታ በሜትር አያለሁ። ረጅም ቱቦ ለመለኪያ ስለማይመች በውሃ ፈንታ ሜርኩሪ ያመጣው ደግሞ ፈረንሳዊው ሐኪም ፑዋዜይ ነው፤ በ1828። ይሄ ሰውዬ በቧንቧ ውስጥ ረጋ ብሎ ስለሚያልፍ ፈሳሽ ያወጣው ሕግ ለእኛም ሙያ ቅርብ ነው፦ የቧንቧው የውስጥ ስፋት በግማሽ ከጠበበ ለተመሳሳይ ፍሰት የሚያስፈልገው ግፊት አሥራ ስድስት እጥፍ ነው።

የሰውነት ነገር የገባኝ በዚህች ሕግ ነው። የእኛ ቧንቧ ግድግዳው አይንቀሳቀስም። የሰው ቧንቧ ግን ጡንቻ አለው፤ ትንንሾቹ የደም ሥሮች ባዘዟቸው ጊዜ ይጠባሉ፣ ይሰፋሉ። ጥቂት መጥበብ ብዙ ግፊት ነው። ፓምፑም ፍጥነቱን ይቀያይራል። እና ይሄን ሁሉ የሚያዝ፣ እኛ ፓምፕ በግፊት እንዲነሳና እንዲጠፋ እንደምንተክለው ያለ ፕሬዠር ስዊች አለ፤ ሁለት ቦታ ላይ። አንደኛው አንገት ላይ፣ ከመንጋጋ በታች፣ ወደ አንጎል የሚሄደው ትልቁ የደም ሥር ለሁለት ከሚሰነጠቅበት ላይ ነው። ሁለተኛው ከልብ የሚወጣው ዋናው ቧንቧ በሚጎብጥበት። የሚለኩት የግድግዳውን መለጠጥ ነው። ግፊቱ ሲጨምር ግድግዳው ይለጠጣል፣ ነርቮቹ ወደ አንጎል ግንድ ይጮሃሉ፣ አንጎል ግንድም ልብን «ቀስ በይ»፣ የደም ሥሮችን «ላሉ» ይላል። ሲቀንስ ደግሞ የተገላቢጦሽ። ይሄ ሁሉ በአንድ ሁለት የልብ ምት ውስጥ ይጀመራል። እኔ የምተክለው ስዊች ከፋብሪካው ብዙ ጊዜ በ1.4 ባር እንዲያስነሳ፣ በ2.8 እንዲያጠፋ ሆኖ ይመጣል፤ መሐሉ ላይ ምን እንደሚሆን ግድ የለውም። የሰውነቱ ግን በየምቱ ያስተካክላል።

በራሴ ላይ ሞከርኩት፤ ማሽኑን የወደድኩትም ያን ቀን ነው። ተቀምጬ 134/84፣ የልብ ምት 72። ብድግ ብዬ አንድ ደቂቃ ቆሜ ስለካ 129/88፣ ምት 84። ሰው ሲቆም ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። እንግዲህ የላይኛው ቁጥር በአምስት ብቻ ወርዶ የቆመው ልቤ ስለፈጠነችና የደም ሥሮቼ ስለጠበቡ ነው። ምቱ 84 መግባቱ እኮ ስዊቹ ሲሠራ ማየት ነው! ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። «እና ለመቆም ይሄ ሁሉ ጣጣ?» ብላ ወደ ወጧ ተመለሰች።

ከዚያ አማቴን ለካናቸው። ከወንበር ሲነሱ ዓይናቸው ይጨልማል፤ አንድ ጊዜ ቅዳሴ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ሰው ደግፎ ይዟቸዋል። እኛ የእርጅና አድርገነው ነበር። ተቀምጠው 142፣ ቆመው ሁለት ደቂቃ ላይ 116። ሃያ ስድስት ወረደ። በቆሙ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ሃያ ወይም የታችኛው አሥር ከወረደ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ነገር ነው። ሲጠየቁ ነገሩ ወጣ፦ ሽንት የሚያሸና የግፊት ክኒን ይውጣሉ፣ ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀምሱም። ሮቶው ጎድሎ እያለ ስዊቹ ምን ያድርግ? ሐኪማቸው መድኃኒቱን በመጠንም በሰዓትም አስተካከለላቸው። በራስ ፈቃድ ክኒን ማቆም ሌላ ጣጣ ስለሚያመጣ፣ «ጾም ነው» ብላችሁ ዝም ብላችሁ እንዳታቋርጡ፤ ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ። ማሽኑ ዋጋውን የከፈለኝ ያን ዕለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ምርቃት ነው።

አሁን ወደ ወቀሳው።

አንደኛ፣ ከካርቶኑ ጋር የመጣው የክንድ ማሰሪያ ላይ ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ተጽፏል። የእኔ ክንድ ቱቦ ሲጠምም የኖረ ክንድ ነው፤ በሜትሮ ብለካው 34። ጠባብ ማሰሪያ ክንዱን አጨናንቆ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። እስከ 42 የሚሆነውን ለብቻው ገዝቼ ስቀይር የላይኛው ቁጥር በስምንት ገደማ ወረደ። ስምንት ቀላል አይደለም፤ ክኒን በሚያስጀምርና በማያስጀምር መካከል ያለ ልዩነት ነው። ሻጯ ያን ሁሉ መልካምነት ስታሳየኝ ክንዴን በሜትሮ ብትለካልኝ ኖሮ አምስተኛውን ኮከብ አልነፍጋትም ነበር። ከመግዛታችሁ በፊት ክንዳችሁን መሐሉ ላይ ለኩ።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱ። ማሽኑ የጠዋቱንና የማታውን አማካይ ለየብቻ ያወጣል ይላል። እኔ እንደ ልማዴ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ 1:00 ብዬ ሞላሁት። እሱ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር እኩለ ሌሊት አልፎ የለካሁ መሰለው። ለሦስት ሳምንት «የጠዋት አማካይ» የሚለው ባዶ ሆኖ ቆየ። መመሪያው በአምስት ቋንቋ ተጽፏል፣ አማርኛ የለበትም። የኛ አንድ ሰዓት ለእሱ ሰባት ነው፤ እንደዚያ ሙሉለት።

ሦስተኛው የማሽኑ ጥፋት አይደለም፣ ግን ልንገራችሁ። ለሁለት ሰው መዝገብ አለው። የኔን ቁልፍ ተጭኖ መለካት ነው፣ ይኸው ነው። ቅዳሜ ቡና ሲፈላ ጎረቤቱ ሁሉ «እስቲ እኔንም» ይላል፣ ባለቤቴም ደስ ብሏት ትለካለች፤ ሁሉንም በእኔ ስም! ሐኪሙ ጋ ይዤ የሄድኩት አማካይ የእኔ ሳይሆን የሠፈሩ ነበር። ደግነቱ በደብተር ጽፌ ስለነበር ዳንኩ። ቡና እየተጠጣ መለካትም ለብቻው ስሕተት ነው። ቡና ከጠጡ፣ ከሮጡ ወይም ከተበሳጩ በኋላ ግማሽ ሰዓት መቆየት አለ። ሽንት ይዞም አይሆንም። እግር ማነባበር፣ ወሬ፣ ክንድ ማንጠልጠል፣ ሁሉም ቁጥሩ ላይ ይጨምራሉ። ክንድ ከልብ በታች በአሥር ሴንቲ ሜትር በወረደ ቁጥር ከሰባት እስከ ስምንት የሚሆን ይጨመራል፤ ይሄ የውሃ ሕግ ነው፣ ምድር ቤት ያለ ጌጅ ከጣሪያው የበለጠ እንደሚያነበው። ዱባይ ያለች እህቴ የላከችልን የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ዓይነት ነበር፤ እጅን ትክክል ልብ አጠገብ ካልያዙት ስለሚቃዥ ተስፋ ቆርጠን ለልጆች መጫወቻ ሆኗል።

ትክክለኛነቱን ለማጣራት ጤና ጣቢያ ወስጄ ሲስተሯ በጆሮዋ እንድትለካኝ ለመንኩ። እሷ የምትሠራበት ዘዴ ጣሊያናዊው ሪቫሮቺ በ1896 ባወጣው ማሰሪያና ሩሲያዊው ኮሮትኮቭ በ1905 በጨመረው ማዳመጥ የሚሠራ ነው፤ ደሙ ማሰሪያው ያጠበበውን ሰብሮ ሲያልፍ የሚሰማውን ድምፅ ታዳምጣለች። የኔ ማሽን ጆሮ የለውም። ማሰሪያው ውስጥ ያለውን አየር ቀስ እያለ ሲለቅ በየልብ ምቱ የምትመጣዋን መንቀጥቀጥ ይይዛል፤ ከሁሉ የምትበልጠውን አግኝቶ ከእሷ ተነስቶ የላይኛውንና የታችኛውን በስሌት ያወጣል። እንግዲህ እሷ 136/84 አለች፣ ማሽኑ 138/83። እጅ ነሳሁ። የልብ ምታቸው የሚዘበራረቅባቸው ሰዎች ግን ይሄ ስሌት ስለሚስትባቸው ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ሁለት ሳምንቱ አልቆ በደብተር የጻፍኩት አማካዬ 146/91 ሆነ። ክሊኒክ ውስጥ ከፍተኛ የሚባልበት ገደብ 140/90 ሲሆን፣ ቤት ውስጥ ግን 135/85 ነው፤ የቤቱ ጠበቅ ያለው እቤት ማንም ነጭ ጋዋን ለብሶ ስለማያስደነግጣችሁ ነው። ስለዚህ የጥርሱ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። አምሎዲፒን የሚባል ክኒን ታዘዘልኝ። የሚሠራው ቧንቧው ላይ ነው፤ የደም ሥሮቹን ጡንቻ ያላላል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደረጃ ስወጣ ትንሽ ሲያዞረኝ ማሽኑ 131 ይለኛል። «131 እንዴት ያዞራል?» ብዬ ሐኪሙን ጠየቅኩት። አንገት ላይ ያለው ስዊች ለዓመታት ከፍ ያለውን ግፊት ለምዶ እሱን ልክ ነው ብሎ ይጠብቅ ነበር አለኝ። እኔ እኮ ይሄን በሥራዬ አውቀዋለሁ፤ ስዊቹ ተዛብቶ ከፍ ብሎ ከተሞላ ፓምፑ ጤነኛውን ግፊት እንደ ጉድለት አይቶ ይነሳል። ቀስ በቀስ እንደገና ይሞላል፤ በአንድ ወር ውስጥ ማዞሩ ጠፋ። ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቴ ያብጣል፣ የታወቀ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው ብሎኛል።

ታዲያ ይሄ ስዊች እንዲህ የሚለምድ ከሆነ ለዘለቄታው ግፊቱን የሚይዘው ማነው? ኩላሊት። የውሾች ስዊች ነርቭ ተቆርጦ በተሠራ ሙከራ የሃያ አራት ሰዓት አማካያቸው ከቀድሞው ብዙም አልራቀም፤ ግን ቁጥሩ ቀኑን ሙሉ ሽቅብና ቁልቁል ሲዘል ይውላል። ስዊቹ የዛሬን መንገጫገጭ ያለሰልሳል፣ የሮቶውን ደረጃ የሚወስነው ግን ኩላሊት ነው። ልብ ከምታወጣው ደም አምስተኛውን ያህል ትቀበላለች፣ በቀን 180 ሊትር አጣርታ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ብቻ በሽንት ትለቃለች፤ ሌላውን መልሳ ታስገባለች። ግፊት ሲጨምር ጨውና ውሃ አብዝታ ትለቃለች። ሲቀንስባት ሬኒን የሚባል ነገር ወደ ደም ትረጫለች፤ እሱ ጉበት የሠራውን ይቆርጣል፣ ሳንባ ላይ ያለ ሌላ መቁረጫ ይጨርሰዋል፣ በመጨረሻ የሚወጣው ነገር የደም ሥር ያጠባል፣ ከኩላሊት በላይ ባለው እጢ በኩልም ኩላሊት ጨው እንድታስቀር ያስገድዳል። ጎረቤታችን ይወስዱት የነበረው ኤናላፕሪል የሚባል የግፊት ክኒን ያን የሳንባ መቁረጫ ነው የሚይዘው፤ ደረቅ ሳላቸውም ከእሱ የመጣ ነበር፣ ሲቀየርላቸው ተዋቸው። የዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያው ክኒን ካፕቶፕሪል የተገኘው ከብራዚል እባብ መርዝ በተነሳ ጥናት ነው ሲሏቸው ግን ለሁለት ቀን አልዋጥም አሉ፤ ክኒኑ ውስጥ እባብ እንደሌለ ማስረዳት የኔ ሥራ ሆነ።

የጨው ነገር ከዚህ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከአምስት ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ማለት ነው። አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ በዞረበት አገር ለማን ይነገራል? በርበሬው ላይ አለ፣ ሚጥሚጣው ላይ አለ፣ ሽሮው ላይ ሲደቆስ ገብቷል፣ ከዚያ ደግሞ ወጡ ሲወጣ ይጨመራል። ባለቤቴ ለወጡ የምትጨምረውን ተወችው። የመጀመሪያው ሳምንት ዝም ብዬ በላሁ፤ ወር ሲሞላ ምግብ ቤት የበላሁት ጥብስ ባሕር ውሃ መሰለኝ።

ከስምንት ወር በኋላ የሰሞኑ አማካዬ 127/80 ነው። ማሽኑ አንድ ቀን ብቻ በስሕተት ምልክት ቆመ፤ ስለካ ስልክ አንስቼ ስለነበር ነው። ድንጋዩ አራት ወር ገደማ ይቆያል፤ ርካሹን ከገዛችሁ ሲነፋ መሐል ላይ ያቃስታል። ለግድግዳ ሶኬት የሚሆን ገመድ መግቢያ ቀዳዳ አለው፣ ገመዱ ግን ካርቶኑ ውስጥ የለም፤ ይሄም ወቀሳ ይመዝገብልኝ። ማሰሪያው ሲላቀቅ የሚያሰማው ድምፅ ጠዋት ልጆቹን ይቀሰቅሳል።

ከአምስት አራት ኮከብ። አንዱን የቀነስኩት በማሰሪያው ነው።

ኤናላፕሪል ይወስዱ የነበሩት ጎረቤታችን አሁን ጠዋት ጠዋት በር አንኳኩተው ይዋሱታል። በሁለተኛው ቁልፍ መዝግቤላቸዋለሁ። ድንጋዩን በየተራ እንድንገዛ ተስማምተናል፤ የአሁኑ ተራ የእሳቸው ነው፣ እስካሁን አልገዙም።